ዊልፍ፣ ክለቡና የውሃው በርሜል

ዊልፍ ኦርመሮድ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። በላንክሻየር ከተሞች ውስጥ የእጅ ባትሪውን ይዞ ደረጃ ሥር ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ያልተጎነበሰበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ቆጣሪ ደግሞ የሚሰቀለው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሰው የማይሠራው ጉድ የለም። ሽቦ የሚጠልፍ አለ፣ ቆጣሪውን ገልብጦ የሚያስር አለ፣ ማግኔት የሚለጥፍ አለ። አንድ ጊዜማ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ መዝሙር በቃሏ የምታስጠና ሴትዮ፣ የሚሽከረከረውን ጎማ በፀጉር መርፌ ወትፋ አቁማው አግኝቷታል።

ይኼን ሁሉ ያየ ሰው ሥራውን በጡረታ ሲለቅ ዓይኑን ጡረታ ማውጣት አልቻለም። ሚስቱ ቴልማ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን አጮልቆ ያያል። ፖስተኛው ሰላም ሲለው "ይኼ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?" ይላል። ሐኪሙ "ደምህ ደህና ነው" ቢለው የሚደብቀኝ ነገር አለ ብሎ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። እንግዲህ ክለብ ግባ የተባለው ይኼ ሰው ነው፤ እስቲ ፍረዱ!

ነገሩ የመጣው በካራቫናቸው ነው። በመኪና ኋላ የምትጎተት፣ አልጋም ምድጃም ያላት፣ ጣሪያዋ ትንሽ የሻገተ ባለ ሁለት ጎማ ቤት አለቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየግንቦቱና በየነሐሴው እሷን እየጎተቱ ባሕሩ ዳር ወዳለው የአንድ ሽማግሌ ገበሬ መስክ ይሄዱ ነበር። ገበሬው ከእጃቸው ትንሽ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ቃል አጉረምርሞ ይሄዳል። በቃ፣ ይኼው ነው። ለዊልፍ የሚመች ሰው ነበር፤ ምንም ነገር በነፃ ሰጥቶት አያውቅምና።

ሽማግሌው ባለፈው የብርድ ወራት ሞተ። ዘንድሮ በግንቦት ካራቫናቸውን እየጎተቱ ቢደርሱ፣ በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተተክሏል። አምስት ካራቫን ብቻ፤ የካራቫን ክለቡ አባላት ብቻ ይላል። የገበሬው ልጅ ቦት ጫማዋን እንዳጠለቀች ከበረቱ ወጥታ መጣች።

"አዝናለሁ ሚስተር ኦርመሮድ፤ መስኩ አሁን በክለቡ ፈቃድ ነው የሚሠራው። አባል ያልሆነ ሰው ባስገባ ፈቃዱን ይነጥቁኛል" አለችው።

"አባትሽ እኮ ያውቀኝ ነበር።"

"እኔም አውቅዎታለሁ። ገና እግሬን ሳልተክል ጀምሮ አይደል የማውቅዎት! አባል ይሁኑና በደስታ ይምጡ።"

ዊልፍ መኪናውን አዞረና ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቤቱ ገባ። ቴልማ አጠገቡ ተቀምጣ በመስኮት በጎቹን ስታይ መጣች።

ማታውን እራት ላይ ነገሩን ያነሳችው እሷ ናት። "እንግባ" አለች።

"የት?"

"ክለቡ ነዋ! ሌላ የት ይገባል?"

"አየሽ" አለ ዊልፍ ሹካውን አስቀምጦ፤ "መጀመሪያ መስካችንን ቀሙን። አሁን ደግሞ የቀሙንን መልሰው ሊሸጡልን ነው። እንዴት ያሉ ብልጦች ናቸው በይኝ!"

"ማንም አልቀማህም። መስኩ የልጅቷ ነው።"

"ልጅቷንስ ማን አስተማራት? እሱን ንገሪኝ።" መነጽሩን አጠለቀና ጎረቤት የሰጣቸውን የክለቡን ወረቀት አነሳ። "እስቲ ይኼን ስሚ። አንዱ ከከፈለ ባል ወይም ሚስት በነፃ ይላል። ለምንድነው በነፃ? በነፃ የተሰጠ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔን በነፃ አይደል እንዴ የወሰድከኝ?" አለች ቴልማ።

ዊልፍ አልሳቀም። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ከታች በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ቀጠለ። ቴልማ ሳህኖቹን አነሳች፣ አጠበች፣ አደረቀች፤ ከዚያ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የምትለውን መንገድ ላይ በጎቹን እያየች ስታስበው እንደመጣች ያስታውቅባት ነበር።

"ስማኝ ዊልፍ። እዚህ ቤት ውስጥ አታናግረኝም።"

"አሁን ምን እየሠራሁ ነው ታዲያ?"

"እየተከራከርክ ነው። አታናግረኝም ነው ያልኩህ። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት ጋዜጣ፣ ማታ ቴሌቪዥን። እዚያች ካራቫን ውስጥ ስንሆን ግን ሌላ ሰው ነህ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው ስለ እናትህ ታወራኛለህ፣ ስለ ልጅነትህ ታወራኛለህ። አምና በነሐሴ አንድ ቀን ሙሉ አሳቅኸኝ። በዓመት አራት ሳምንት ባል አለኝ፤ የቀረውን ዓመት የምችለው በእሱ ተስፋ ነው። አሁን እሱንም ልታስቀርብኝ ነው።"

ዊልፍ ወረቀቱን አጠፈው። ቴልማ ግን አልጨረሰችም።

"ካልገባን ካራቫኗን እንሽጣት። እኔም በጋውን ሳውዝፖርት እህቴ ጋ እከርማለሁ። ለማስፈራራት እንዳይመስልህ። እዚህ ሳሎን ውስጥ ሁለት ዝም ያልን ሰዎች ሆነን ማርጀት ፈራሁ።"

እናንተ ብትሆኑ ይኼን ስትሰሙ ምን ታስባላችሁ? ዊልፍ ያሰበውን ልንገራችሁ። ሳውዝፖርት ውስጥ ደግሞ ማን አለ? ብሎ ነው ያሰበው። ወይ ዊልፍ! የእህቷ ጎረቤት አንድ ሚስቱ የሞተችበት የጥርስ ሐኪም ነበረና ሌሊቱን እሱን ሲመረምር አደረ። ጠዋት ሲነሳ ግን ሆዱ ውስጥ የቀረው የጥርስ ሐኪሙ አልነበረም። የቀረው ያ "ፈራሁ" ያለችው ነገር ነው። ቴልማ ፈራሁ ስትል ሰምቷት አያውቅም።

እና ተስማማ፤ ግን በራሱ መንገድ። ክለቡ በየቅዳሜና እሑዱ አንድ መስክ ተከራይቶ አባላቱን ይሰበስባል፤ አባል ያልሆነ ሰው አንድ ጊዜ በእንግድነት መጥቶ ማየት ይችላል። "አያለሁ" አለ ዊልፍ። "አይቼ፣ መርምሬ፣ የሚረባ ከሆነ እንገባለን፤ ካልሆነ ደግሞ አንገባም።" የድሮ የቆጣሪ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣ። ያቺን የካራቫኗን ውሃ የሚቀዱባት በርሜላቸውን፣ ከመስኩ ቧንቧ ልትሞላ መሬት ላይ እየተንከባለለች የምትሄደዋን፣ ከሆዷ ሥር በቀይ ቀለም ትንሽ መስቀል አድርጎ ምልክት ጣለባት።

"ይኼ ደግሞ ለምንድነው?" አለች ቴልማ።

"ሰው በበዛበት ቦታ ዕቃ ይለወጣል።"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። መስኩ ከአንድ ተራራ ሥር፣ ከክሊዘሮ ከተማ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሃያ የሚያህሉ ካራቫኖች በሰልፍ ቆመዋል፤ መሐል ላይ ባንዲራ ተሰቅሏል። አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች ወፍራም ሴትዮ እየሮጠች መጥታ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች።

"ዊልፍ! ቴልማ! እንኳን ደህና መጣችሁ! እኔ ፖሊን እባላለሁ፤ በዚህ ሳምንት መስኩን የማስተናግደው እኔ ነኝ። ቦታችሁ ያውና፣ ከዴዝመንድ ቀጥሎ።"

"ስሜን ማን ነገራት?" አለ ዊልፍ በጥርሱ መሐል።

"ስንመዘገብ አንተው ነሃ ስምህን የጻፍከው" አለች ቴልማ።

ካራቫን ወደ ኋላ እየነዱ ማስገባት መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩት ወደ ቀኝ የምትሄድ ዕቃ መግፋት ነው፤ ያልሞከረው አያውቀውም። ዊልፍ በገበሬው መስክ ማንም ስለማያየው እንደ ልቡ ነበር። እዚህ ግን ሃያ መጋረጃ ተገልጧል። አንድ ጊዜ ገባ፣ ተጣመመች፤ ወጣ፤ ሁለተኛ ገባ፣ ጭራሽ ተጠማዘዘች። ላቡ መጣ። በሦስተኛው አራት ሰዎች ከየካራቫናቸው ወጥተው አንድም ቃል ሳይናገሩ ካራቫኗን ከመኪናው ፈቱና በእጃቸው ገፍተው ቦታዋ ላይ አቆሟት። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠራርገው በመጡበት ተመለሱ።

"ምን ዓይነት ደግ ሰዎች ናቸው" አለች ቴልማ።

"ውስጧን ለማየት ነው" አለ ዊልፍ፤ ደብተሩንም አውጥቶ ጻፈው።

ሻይ መጣ። ከሻዩ ጋር የዝንጅብል ኬክ መጣ። ዊልፍ ኬኩን አሸተተው። "ዝንጅብል እንደምወድ ከየት አወቁ?"

"ዝንጅብል የማይወድ የላንክሻየር ሰው አሳየኝና እመልስልሃለሁ! ብላ ዝም ብለህ።"

በላ። ጣፋጭ ነበር፤ ይኼም ጥርጣሬውን አባሰበት። ሰው ያለ ምክንያት ይኼን ያህል ቅቤ አይጨምርም።

ከሁሉ በላይ ዓይኑ ያረፈው ግን በጎረቤቱ በዴዝመንድ ላይ ነው። ዴዝመንድ ክሌግ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ብቻውን ነው የመጣው። ሰላም ሲሉት ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል እንጂ ወሬ የለውም። ማታ ሊጨላልም ሲል ዊልፍ በመጋረጃው ጠርዝ ቢያይ፣ ይኼ ሰውዬ እጁን ኪሱ ከቶ የዊልፍን በርሜል ትኩር ብሎ ያያል። ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ክዳኑን በጣቱ ነካ፤ ግራ ቀኝ አየና ሄደ።

"አየሽው?" አለ ዊልፍ።

"ማንን?"

"ተይው። ነገ ይታያል።"

ነገም ታየ። ጠዋት ዊልፍ በፒጃማው ላይ ካፖርቱን ደርቦ በሩን ሲከፍት በርሜሉ የለም። የነበረበት ቦታ ላይ ሣሩ ብቻ ተጋድሟል።

እንግዲህ ዊልፍ ደሙ ፈላ ብትሉ ተሳስታችኋል። ዊልፍ ደስ አለው። ሳምንቱን ሙሉ፣ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ፣ ልክ መሆኑ ሊረጋገጥለት ነው። ልብሱን ለበሰ፣ ቀስ ብሎ ወጣ፣ የሚንሸራሸር መስሎ መዞር ጀመረ። እነዚህ ሰዎች ዘንድ በካራቫንና በመኪና መሐል ያለችው ሣር የሰው ቤት ናት፤ ሳይጠሩት አቋርጧት የሚያልፍ ሰው የለም፣ ሕፃን እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው። ዊልፍ ግን በዴዝመንድ ካራቫንና መኪና መሐል ሰተት ብሎ አለፈ። በስተኋላ አንድ ነገር አሮጌ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ጨርቁን ገለጠው። በርሜሉ ነው፤ ክዳኑ ወልቋል። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ቢያይ ቀዩ መስቀል ቁጭ ብሏል። ጨርቁን መልሶ ደርቦ ወጣ፤ ሌባ እጅ ከፍንጅ የሚያዘው በሰው ፊት ነው ብሎ።

አራት ሰዓት ላይ ፖሊን ፊሽካዋን ነፋች። በዚህ ክለብ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም የየራሱን ወንበርና የየራሱን ኩባያ ይዞ ወደ ባንዲራው ይመጣል፤ በክብ ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ማን እንደታመመና ማን የልጅ ልጅ እንዳገኘ ይነገራል። ቴልማ ወንበሯን ይዛ ሄዳ ከፖሊን አጠገብ ተቀመጠች። ዊልፍ ወንበር አልያዘም። ወደ መሐል ገብቶ ቆመ።

"ሻያችሁን ስላቋረጥኩ ይቅርታ" አለ፤ ድምፁ ጮክ ብሎ ወጣ። "እኔ እንግዳ ነኝ፤ የምትጠቀሙበትን ሕግ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሚስተር ክሌግ በርሜሌን ሰርቆ ጨርቅ ያለበሰው በየትኛው ሕግ ነው?"

ዝም አለ ሁሉም። የእነዚህን ሰዎች ዝምታ ካላወቃችሁት አታውቁትም። አይጮሁም፣ አይነሱም፣ "ምን አልክ አንተ!" አይሉም። ሁሉም ኩባያው ውስጥ አየ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ቴልማ ዓይኗን ጨፈነች።

ዴዝመንድ ከወንበሩ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። "ክዳኑ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥብ ነበር" አለ። "ውስጡ ያለው ቀለበት ጎማ አልቋል። እኔ ጋ ትርፍ ነበረኝ፤ በሙጫ ነው የሚያዘው። እስኪደርቅ ጤዛ እንዳይነካው ብዬ ነው ጨርቁን... እኩለ ቀን ላይ ሞልቼ ልመልሰው ነበር።"

"ዴዝ ጠዋት ጠዋት የሁላችንንም በርሜል እየሞላ ያንከባልላል" አለች ፖሊን፤ ፊሽካዋን በሁለት ጣቷ እያሻሸች። "እሱ ከሌለ ሌላው ይሞላል። እዚህ ማን ሞላው ተብሎ አይጠየቅም፤ ባዶ ያየ ይሞላዋል። እንግዳ መሆናችሁን ረስተን ነው እንጂ ልንነግራችሁ ይገባ ነበር።"

እዚህ ላይ ሰው "ይቅርታ" ይላል፣ ያልፋል። ዊልፍ ግን ምን አለ? "ታዲያ አንድ ቃል መናገር ያቅት ነበር?" አለ።

"ተኝታችሁ ነበር" አለ ዴዝመንድ። "ልቀሰቅሳችሁ አልፈለግኩም። ይቅርታ አድርግልኝ።"

የተበደለው ይቅርታ ጠየቀ! ዊልፍ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ፊቱን አዙሮ ወደ ካራቫኑ ሄደ፤ ቴልማ ተከትላው መጣች።

"ዕቃሽን ሰብስቢ፤ እንሄዳለን" አለ።

"አልሄድም።"

"ቴልማ፣ እዚህ እንዴት አድርገን ነው የምንቀመጠው? እንዴት እንዳዩኝ አላየሽም?"

"አይቻለሁ። አንተም እንዴት እንዳየሃቸው አይቻለሁ።" ድምጿ አልተነሳም። "አርባ አራት ዓመት ዘንቢሌን ስታይ ዝም አልኩህ። ደብዳቤዬን ወደ መብራት አስጠግተህ ስታይ ዝም አልኩህ። የእህቴን ጎረቤት ስም በስልክ ስጠራ ጆሮህ ሲቆም ዝም አልኩህ። ሥራው ነው ያበላሸው አልኩ። ዛሬ ግን ሊጠግንልህ የተነሳን ሰው ሌባ አልክ፤ በሰው ፊት! አፈርኩብህ ዊልፍ። መሄድ ከፈለግክ ሂድ። እኔ ሻዬ አልቀዘቀዘም።"

ወጣች። ዊልፍ በመስኮት አያት፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

የካራቫኗን የማቆሚያ እግሮች ወደ ላይ ለማጠፍ መጠምዘዣ ብረቱን ይዞ ወጣ። አንደኛውን እግር አጠፈ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ያቺ ሳሎን ትዝ አለችው። ጋዜጣው ትዝ አለው። በጋውን ሙሉ ብቻውን፣ ሚስቱ ሳውዝፖርት፣ ካራቫኗ የቆመችበት የግቢው ቦታ ባዶ። ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ ሌሎችን ሲጠረጥር ያልፈራው ሰውዬ እጁ ላይ ብረት ይዞ ሣር ላይ ተንበርክኮ ፈራ። ብረቱን ጣለና ወደ ውስጥ ገብቶ መጋረጃውን ዘጋው።

መስኮቷ ገርበብ ብላ ነበር። ድምፅ ይሰማል። የእሱን ስም ሰማ። አሃ! ይኸው፣ እያሙኝ ነው ብሎ ጆሮውን አቆመ። የምታወራው ቴልማ ናት።

"...እናቴ ቤት ቆጣሪ ሊያነብ መጣ" ትላለች። "ገና ወጣት ነው፤ ኮፍያው ከራሱ ይሰፋል። ደረጃው ሥር ገባና ቆየ። ቆየ፣ ቆየ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ደረጃው ሥር አፍጥጫለሁ። ለምን መሰላችሁ? ቆጣሪው ላይ ሽቦ ተጠልፎበታል። ያን ዓመት አባቴ ከሥራ ወድቆ ተኝቶ ነበር፤ ቤቱን የምናሞቅበት ምንም የለንም። ከተያዝን ደግሞ ፍርድ ቤት ነው።"

"ወይኔ!" አለች አንዲት ሴት።

"ከዚያ ወጣ። ጉልበቱ ላይ አቧራ አለ። ደብተሩን ከፈተ፣ ጻፈ፣ ዘጋው። 'ሁሉም ደህና ነው' አለ ለእናቴ። ሽቦው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ጫፉ ወጥቶ አይቼዋለሁ። ሥራውን ሊያጣበት የሚችል ነገር ነው እኮ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝና 'ቁጥሩ በደንብ አልታየኝም፤ ማክሰኞ ተመልሼ ብመጣ ይከፋችኋል?' አለኝ። አምስት ማክሰኞ ተከታትሎ መጣ! በላንክሻየር እንደኛ ቤት ቆጣሪ የተነበበለት ቤት የለም።"

ሳቁ ፈነዳ። ቴልማም ሳቀች፤ ያንን አምና በነሐሴ የሳቀችውን ሳቅ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ያንን ሰውዬ ነው ያገባሁት" አለች። "አሁንም ውስጥ አለ። ስለ በርሜሉ ግን እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሚስተር ክሌግ።"

ዊልፍ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሽቦውን ማንም አላየም ብሎ ነበር የኖረው። ለነፍስ አባት ያልተናገረው፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ያለፈው ነገር ነው። እሷ ግን አይታዋለች፤ አይታም ይዛዋለች፤ አርባ አራት ዓመት ሙሉ እሱን የቻለችው በዚያ ነው። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፤ ለብቻው ነውና ማንም አላየውም።

ከዚያ ወንበሩን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ።

ወደ ባንዲራው ሲመጣ ወሬው ቆመ። ከክቡ ውጭ ወንበሩን ብብቱ ሥር ይዞ ቆመ። "ሚስተር ክሌግ" አለ። "ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ አይደለህም፤ እሷም አይደለችም። ተሳስቻለሁ። በጣም ነው የተሳሳትኩት።" ወደ ፖሊን ዞረ። "ያንን ቅጽ... ማለቴ፣ አሁንም የሚሰጠኝ ከሆነ።"

ለሳምንታት ክለቡ ይረባል አይረባም ሲል የከረመው ሰው ይኸው ራሱ ይረባ እንደሆነ ሊወሰንበት ቆሟል። ፖሊን ዴዝመንድን አየችው፤ ሁሉም ዴዝመንድን አየው። ዴዝመንድ ሻዩን ጎንጨት አለ፣ አሰበ።

"ወንበሩን ይዞ ነው የመጣው እኮ" አለ። ከዚያ የራሱን ወንበር ወደ ግራ ሳብ አድርጎ በእሱና በቴልማ መሐል ቦታ ከፈተ።

ዊልፍ ተቀመጠ። አንዱ ኩባያ አቀበለው፣ ሌላው ሻይ ቀዳለት። ፖሊን ቅጹን ልታመጣ ተነሳች፤ ወሬውም ቀስ በቀስ ወደ ዝናቡ ዞረ። ቴልማ ፊት ለፊቷን እያየች ነበር።

"ሰምተሃል?" አለችው በሹክሹክታ።

"መስኮቱ ክፍት ነበር።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።" ኩባያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "እናትሽ ግን ጉደኛ ሴት ነበሩ። እንደዚያ ተደርጎ የተጠለፈ ሽቦ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም። የባለሙያ ሥራ ነው።"

"እናቴ ስለ ሽቦው እስክትሞት አላወቀችም" አለች ቴልማ። "የጠለፍኩት እኔ ነኝ።"

ዊልፍ ዞሮ አያት። ፖስተኛውን፣ ሐኪሙን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋን፣ የጥርስ ሐኪሙን ሁሉ የጠረጠረ ሰው፣ በዚያ ጉዳይ እሷን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠራትም። አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ፤ ከት ብሎ ሲስቅ ዴዝመንድ እንኳ ዞሮ አየው።

"ሌላስ የማላውቀው አለ?" አላት ትንፋሹ ሲመለስለት።

"ሞልቷል" አለች ቴልማ። "ነሐሴ ላይ መስካችን ስንደርስ እነግርሃለሁ።"

ፖሊን ቅጹን ይዛ መጣች። ዊልፍ እስክሪብቶ ጠየቃት።